ኮምጣጤና ውሃ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለልጄ እናት፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? እህትሽ ቤት ደረጃው ብዙ ነው ስትዪ ሰምቼሽ ስለነበር ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። ስትወጪ ግድግዳውን ያዥ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኛል። የታችኛዋ ጎረቤታችን ስታልፍ ታስገባልኛለች፤ ባስገባች ቁጥርም «እትዬ መቼ ነው የሚመጡት?» ትለኛለች። «ጉልበቷን እየታከመች ነው» እላታለሁ። አራት ወር ሙሉ የሚታከም ጉልበት ምን ዓይነት እንደሆነ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ ስለማይሆንልኝ ነው። ስልክ ላይ አንቺ ዝም ስትዪ እኔ እደነግጣለሁ፤ ስደነግጥ ደግሞ «ሁሉም ሰላም ነው» እላለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስትደውዪም ያልኩሽ ያንኑ ነው። ሰላም አልነበረም። ያን ጊዜ የቆምኩት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነበር፤ ልጃችን ከበሩ ወዲያ ማዶ ተኝቷል። አሁን ወጥቷል፤ ቤት ነው፤ ይበላል፣ ይራመዳል። ይህንን ያስቀደምኩት ቀሪውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ነው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሐሙስ ዕለት ነው። ከሥራ ሲመለስ የሾፌር ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መጥቶ ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመ። የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር።

«አባዬ፣ ሰኞ ሊመረምሩን ነው» አለኝ።

«ምናችሁን?»

«ሽንት። የአውቶቡስ ሾፌር በሙሉ። ሐሺሽ የተገኘበት ይባረራል።»

እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ስትነግሪኝ፣ እኔ «ሲጋራ ነው፣ ወጣት ነው፣ ይተወዋል» እያልኩ ስሟገትሽ የኖርኩትን ነገር እሱ ራሱ በአፉ አመጣው። ከኪሱ ያገኘሽውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ ስታሳዪኝ «የጓደኛው ይሆናል» ብዬሽ አልነበር? በማግስቱ ነው ሻንጣሽን ያነሳሽው። «አንተ በፍቅር ትገድለዋለህ» ብለሽኝ ሄድሽ። ያን ጊዜ ንግግር ማሳመር መስሎኝ ነበር።

«ለእናትህ እንደውልላት?» አልኩት።

«እናቴ ከሰማችማ አለቀልኝ» አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ቀለል አለኝ። ትክክል እንደነበርሽ ልነግርሽ አልቸኮልኩም።

«ፕሮፌሰር» የምንለውን ጎሚስታ ታውቂዋለሽ፤ ከጎማ መጠገን በቀር የማያውቀው ነገር የለም። ዓርብ ጠዋት ሄጄ፣ የእኔ ልጅ ነው ሳልል፣ «አንድ የማውቀው ሰው» ብዬ ጠየቅኩት። እጁን እንኳ ሳይጠርግ መለሰልኝ። «ቀላል ነው እኮ! ኮምጣጤ ጠዋትና ማታ፣ ሎሚ በመሃል በመሃሉ፣ ዋዜማውን ቤኪንግ ሶዳ። በመጨረሻ ውሃ። እስኪረካ አይደለም፣ እስኪያንገሸግሸው! ቧንቧ በምን ይታጠባል? በውሃ አይደለም? ሰውም ያው ነው። የእህቴ ልጅ በዚሁ አልፋለች።» ይህችን የእህቱን ልጅ ዛሬ ድረስ በዓይኔ ያየኋት አይደለችም፤ ግን ያን ዕለት ከሐኪም ይልቅ እሷን አመንኩ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ልጃችን ኩባንያው የሰጣቸውን ወረቀት አሳይቶኝ ነበር። ከግርጌው፣ በደቃቃ ፊደል፣ ከምርመራው በፊት በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ያመለከተ ሾፌር ሕክምና ተሰጥቶት ወደ ሥራው ይመለሳል ይላል። ዓይኑ እዚያች መስመር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አየሁት። «አባዬ፣ ይሄስ?» አለኝ። «ወጥመድ ነው። ማን በገዛ አፉ ራሱን ያስባርራል?» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ሦስት ቀን ቤታችን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ጉሮሮው እስኪቆስል አጠጣሁት። ላብም ያወጣዋል ስላሉኝ ደንበኛ ረስቶት የቀረ ወፍራም ካፖርት አልብሼ ደረጃውን አስወጣው አስወርደው ነበር። የታችኛዋ ጎረቤት በሯን ከፍታ «ምነው፣ ብርድ ነው ወይስ ስፖርት?» ስትለው ሁለታችንም ሳቅን። እንዲያ አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን መሰለሽ! ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄን እያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ምርመራው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ውሃ ያዝን። በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አራተኛውን ስሞላ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

«አባዬ፣ በቃኝ። ራሴን እያመመኝ ነው፤ ሊያስመልሰኝ ነው።»

«አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ» አልኩት።

«አልችልም።»

«ለእንጀራህ ስትል!» አልኩና ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ አፉ ላይ ያዝኩለት። ሕፃን ሳለ ሽሮፕ እምቢ ሲል እንደማደርገው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እጄን ገፍቶ መሄድ ይችል ነበር። ጠጣው። ስለታዘዘኝ ጠጣው።

አብሬው ሄድኩ። የኩባንያው ነርስ የሰጣትን ዕቃ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ወንድሜ፣ ይሄ ሽንት አይደለም፣ ውሃ ነው። በመሣሪያ ሳልለካውም ያስታውቃል። እዚያ ቁጭ በልና ቆይተህ ሌላ ትሰጠኛለህ።» በየቀኑ እንዲህ ያለ እንደሚያጋጥማት ከድምፅዋ ያስታውቃል። ስንት ሌሊት ተጨንቀን የዘየድነውን ዘዴ በአንድ እይታ ጨረሰችው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ክንዴን ያዘኝና «አባዬ፣ ይሄ አውቶቡስ ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሰው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። ዓይኑ እኔን አያይም። አስመለሰው፤ ከዚያ ከአግዳሚው ወደቀና ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የነርሷን ጩኸት፣ የአምቡላንሱን በርና እጄ ላይ የቀረውን የአንድ እግር ጫማውን ነው።

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። «ምን ወሰደ? ቶሎ ይንገሩኝ!» አለችኝ። ቶሎ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «እንጃ፤ ውሃ ጠጥቶ ነበር መሰለኝ» አልኩ። መሰለኝ! አራት ማንቆርቆሪያ የሞላ እጅ እኮ ይኸው የሚጽፍልሽ ነው። ነገሩን የነገረቻት አብራን የመጣችው ነርስ ናት።

ኋላ ሐኪሟ ለብቻዬ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ያ ሁሉ ውሃ ደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖት፣ አንጎሉ አብጦ ነው የተንቀጠቀጠው። «ሌላውስ? ኮምጣጤው፣ ሶዳው?» አልኳት። «አባባ፣ ሐሺሹ የሚቀመጠው ስብ ውስጥ ነው። በቀን በቀን ለሚያጨስ ሰው ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በራሱ ጊዜ ነው የሚወጣው። ኮምጣጤ አያወጣውም፣ ሎሚ አያወጣውም፣ ላብም አያወጣውም። ሰዉ ይህን ሁሉ የሚጠጣው ማንም ስለማይነግረው ነው» አለችኝ። ለእኔ እንኳ የሚነግረኝ ነበረ። ስልኩን አንስቼ አንቺ ጋ መደወል ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ነቃ። ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ «ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አለችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አየኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ማንም። ራሴ ነኝ የጠጣሁት። አባቴ አያውቅም» አላት። እሷም እኔን አየችኝ። እኔ ምን አየሁ መሰለሽ? ወለሉን። ቃል አልወጣኝም። እስከ ዛሬም አልወጣኝም፤ ይህን ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ፕሮፌሰር ልጠይቅ ብሎ መጥቶ ነበር። አልጋው አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን መጠጠና ቀስ ብሎ በጆሮዬ «ሶዳውን አብዝታችሁት ነው» አለኝ። ልመታው ፈለግሁ። ግን እሱ ተናገረ እንጂ አላጠጣ።

ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ቀን የስንብት ደብዳቤው መጣ። ናሙና ማበላሸት ሐሺሽ ተገኝቶበት ከመያዝ እኩል ነው ይላል። ያቺን የግርጌ መስመር ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «አባባ፣ ይቺ ከምርመራው በፊት ነበረች» አለኝ። «በዚያው ሳምንት ሁለት ሾፌሮች መጥተው ነገሩን። አሁን ሕክምና ላይ ናቸው። ሲጨርሱ መሪያቸውን ይይዛሉ።» ሁለት ሾፌሮች! አባቶቻቸው ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ እያልኩ በእግሬ ወደ ቤት መጣሁ።

ከሱስ የሚያላቅቁበት ቤትም ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ ለምዳኛለች። ባለፈው ሳቅ ብላ «አባባ፣ እርስዎን እኮ አይደለም የምናክመው። እሱ በእግሩ ይምጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሱን ግን እንዴት ብዬ በእግሩ ላምጣው?

ሐኪሟ ቀስ እያለ ይስተካከላል ብላለች። አንዳንዴ ቃል ይጠፋበታል፤ «ያ እንኳ፣ ያ…» ይልና ይተወዋል። ቀኑን መስኮት ስር ይቀመጣል፤ የድሮ መስመሩ አውቶቡስ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ስለ ብርጭቆው አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አንተ ነህ» ቢለኝ፣ እኔም «አዎ» ብዬ፣ ከዚያ እንደ አባትና ልጅ እንነጋገር ነበር።

ትናንት ከሰዓት ወጣ ብሎ ተመለሰ። በሩን ሲከፍት ጠረኑ ቀድሞት ገባ። ያው የሐሺሹ ጠረን ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም ቆሞ ጠበቀኝ።

«አባዬ፣ የምትለኝ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም» አልኩት። «ምሳህ ተከድኖልሃል።»

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ምን ልበለው? «ራስህን አትጉዳ» ልበለው? በየትኛው አፌ? ለሐኪሟ የደበቀልኝ ነገር አፌን ለጉሞታል። ውለታ እንዲህ ሰውን ያስራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነይ አልልሽም። ጉልበትሽም አለ፣ ያስቀየምኩሽም አለ። ልጁ እንደጻፍኩልሽ አያውቅም፤ «ለእናቴ እንዳትነግራት» ብሎኝ ነበርና ይህም ሌላ ጥፋቴ ነው። እንዲያው ግን አስቢበት። አንቺ ብትቆጪው ያምርብሻል። አንቺ በእጅሽ ምንም አላጠጣሽውም።

ፈጣሪ ደረጃውን ያቅልልሽ፣ እንቅልፍሽንም የሰላም ያድርግልሽ። ለእህትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያቺን ሰማያዊ ቀሚሷን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ሰው ሲገኝ እልክላታለሁ፤ ወይም ደግሞ እዚሁ የሚወስድላት ሰው ከመጣ፣ ተሰቅላ ትጠብቃለች።

የልጅሽ አባት