ያልፈተልሽው ጥጥ

ይድረስ ለእናቴ፤ መልስ ለማትጽፊልኝ።

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም። ብትሰነብቺ ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት አላባክንም ነበር። ከሄድሽ ድፍን ዓመት ሆነሽ። ተዝካርሽን ሞጣ፣ አባትሽ አባባ ግቢ፣ ከትናንት በስቲያ አወጣን። ጠላው ቀጠነ ያሉ ነበሩ፤ ወጡን ግን ማንም አላማም። እኔ እንደተናደድሁ ነኝ። ንዴቴ ካምናው ፈቀቅ አላለም፤ ልዩነቱ አሁን በማን በማን እንደምናደድ ለይቼ ማወቄ ነው። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ። በሕይወት ሳለሽ ወይ ሩጫ ላይ ነሽ፣ ወይ ሥራ ላይ ነሽ፤ አሁን የትም አትሄጂብኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ቢቸና ያለችው ቤታችን እንደነበረች ናት፤ እንደነበርን ያልሆንነው እኛ ነን። አባዬ ምግብ ማብሰል ጀምሯል። የሚሠራው ያው ሽሮ ነው፣ ስሙን ግን በየቀኑ ይቀይርለታል። እትዬ የሺ "እናት የሌለው ቤት" ብለው ከሞጣ መጥተው ከእኛ ጋር ከርመዋል። ታላቅ እኅትሽ ናቸውና ምን እላለሁ፤ ግን ይህን ስሚ። መንገድ ሲዘጋ ቤት ውስጥ የምትጋልቢበትን፣ በያጁ የሠራልሽን የብስክሌት ማቆሚያ የልብስ ማስጫ አደረጉት። አባባ አንድ ቀን በዚያ ላይ ስትጋልቢ ወንበር ስበው ሲያዩሽ ቆይተው፣ በላብ ተጠምቀሽ ስትወርጂ "ይህን ሁሉ ጋልባ አንዲት ክንድ አልተራመደችም" ያሉሽ ትዝ ይለኛል። እሳቸው እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ የሄዱ ሰው ናቸው፤ የሚደክማት በቅሎዋ፣ የሚተርኩት እሳቸው።

ለምን እንደምትዘጋጂ ዘመዱ ሁሉ እስከ መጨረሻው አልገባውም። ጣና ዳር ረጅም ውድድር አለ፤ ሐይቁን ይዋኛሉ፣ ከውሃው ወጥተው ከቢቸና ሞጣ የሚያህል መንገድ በብስክሌት ይጋልባሉ፣ ከብስክሌቱ ወርደው ደግሞ ሳያርፉ ይሮጣሉ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን። ይህን ስታስረጃቸው እትዬ የሺ "ማነው የሚያባርርሽ?" አሉ። ሽልማቱ ምንድን ነው ሲሉሽ "መጨረስ" አልሻቸው። "ታዲያ ሳትጀምሪው መተው አይቀልም?" አሉ። ያን ቀን ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። ዛሬ ግን አያስቀኝም፤ ከሞትሽ ወዲህ ያንኑ ነገር እንደ ጥበብ እየደገሙ ይናገሩታልና።

ልምምድሽን እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ከመግባትሽ በፊት ትሮጫለሽ። ቅዳሜ በብስክሌት ደጀን ደርሰሽ ትመለሻለሽ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጡሩንባ ሲነፉብሽ እጅሽን እያውለበለብሽ። የብስክሌት ጫማሽ ሲሚንቶው ላይ እንደ ፍየል ሰኮና ቀጭ ቀጭ ይላል። በጾም በሶ በማር በጥብጠሽ በኮዳ ትይዣለሽ፤ ቄስ ሰፈር ያሉት ሴቶች "ዘማች መሰለች" ይሉሻል። ከብስክሌት ወርደሽ ወዲያው ስትሮጪ የመጀመሪያው ጥቂት መንገድ እግርሽ አይታዘዝም፤ "እግሬ የጎረቤት ነው፣ ቆይ ይለምደኛል" እያልሽ ትንገዳገጃለሽ። እኔም ከኋላሽ እየሮጥሁ አስቅሽ ነበር።

ኩሬውስ? ቢቸና ሐይቅ የላትም፤ የምትዋኚው ከከተማው ወጣ ብሎ ለመስኖ የተቆፈረው ኩሬ ውስጥ ነበር። አባባ ሊጠይቁን መጥተው "ልጄ የት አለች?" ሲሉ ይዣቸው ሄድሁ። ምን እንደሚያዩ አስቀድሜ አልነገርኋቸውም፤ ለምን ብዬ? ጥቁር ልብስ ለብሰሽ ውሃው ላይ በፊትሽ ተደፍተሽ ሲያዩሽ "ኧረ የሰው ያለህ! ልጄ ሰጠመች!" ብለው አገሩን አናጉት። ገበሬዎቹ ጠፍር ይዘው ደረሱ፤ አንዱ ዘሎ ገብቶ እግርሽን ያዘ። አንቺ ወደዚያ ትዋኛለሽ፣ እሱ ወደዚህ ይጎትታል። ወጥተሽ ስትጮኺባቸው አባባ አንቺን ትተው ውሃውን አዩት። "ተደፍተሽ ምን ታያለሽ?" አሉ። "መስመሬን" አልሽ። "ውሃ ደግሞ መስመር አለው?" ብለው ሳምንቱን ሙሉ በጠዋት እየቀሰቀሱ ጸበል ረጩሽ። አንቺም "ጥሩ ነው፣ እንቅልፌን ያባርርልኛል" አልሽ።

እንግዲህ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ከሁሉ የምናደደው ባንቺ ነውና።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ይደክምሽ ጀመር። ክንድሽና ጭንሽ ላይ የበለዘ ነገር ወጣ። "ከብስክሌት ወድቄ ነው" አልሽ። አልወደቅሽም። ብትወድቂ ኖሮ አይቼ እስከ ዛሬ ሳቄን አልጨርስም ነበር። አፍንጫሽ ደማ፤ "ፀሐይ ነው" አልሽ። ግማሽ ዳገት ላይ ብስክሌቱን ጥለሽ ቁጭ ስትይ "ልምምድ ሲከብድ እንዲህ ነው፤ ሰውነት እየተሠራ ነው" አልሽኝ። እኔም አመንሁሽ። ነርስ እኮ ነሽ! ጤና ጣቢያ የሚመጡትን እናቶች "ለምን ነገ ነገ ትላላችሁ?" እያልሽ ስትቆጪ አገር የሚያውቅሽ። ከአንቺ ወንበር እስከ ላቦራቶሪው አንድ በር ነበር። ያንን በር "ከውድድሩ በኋላ" አልሽው። በመጨረሻ ባሕር ዳር የሄድነው ለውድድሩ ሳይሆን ለሆስፒታሉ ሆነ። የደም ካንሰር ነው አሉን። በመስኮቱ ጣና ይታይ ነበር፤ አንቺ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

ዘመዶችሽ ብርድ ነው የገደላት አሉ። ዕድሜሽን ሙሉ "ብርድ የሚባል ገዳይ የለም፤ ተመርመሩ" ስትይ ኖረሽ፣ ብርድ ገደላት ተባልሽ! ኩሬው አበረዳት፣ ብስክሌቱ ሳንባዋን ከፈተው፣ ሩጫው ደሟን ጨረሰው። ሁሉም ሐኪም ሆነ። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ፦ ብስክሌቱ አልገደለሽም። የሚገድልሽን ነገር ግን ከብስክሌቱ ጀርባ ደበቅሽው። ያልታረቅሁሽ በዚህ ነው።

ለቅሶሽንም አላየሽውምና ልንገርሽ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ዕቃው ለለቅሶ ይወጣል። ወንድ ከሆነ ፈረሱና ጠመንጃው በለቀስተኛው መሀል ይዞራል፤ ሴት ከሆነች ቀሚሷ፣ መሶቧ፣ እንዝርቷ። አልቃሿ እሱን እያየች ነው የምትገጥመው። እትዬ የሺ የአንቺን እንዝርት ፍለጋ ቤቱን ገለበጡት። ያገኙት ጎማ፣ ፓምፕ፣ የዋና መነጽርና አንድ ቆርቆሮ የሰንሰለት ቅባት ነው። "ብስክሌቷን አውጡላት" ብዬ ጮኽሁ። "በለቅሶ መሀል አታሹፊ" አሉኝ። እኔ የማሾፈው ሁልጊዜ ነው፣ ያን ቀን ግን አላሾፍሁም። አልቃሿም በበኩሏ ለብስክሌት ቤት የሚመታ ቃል የለኝም አለች። የቅኔ አገር አልቃሽ! "ጉልበት፣ ብርታት፣ እናት!" አልኋት፤ እትዬ የሺ በክርናቸው ጎሸሙኝ። አባዬ ከወሎ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነውና "የእናንተ ወግ ነው" ብሎ አንገቱን ደፋ። አባባ ደግሞ "ሴት ልጅ በእንዝርት ትለቀሳለች" ብለው ነገሩን ዘጉት።

እንዝርቱን ከጎረቤት ተዋሱት። አልቃሿ ከፍ አድርጋ ይዛው፣

ታሾረው ነበረ እንዝርቱን እንደ ነፋስ፣
ማን ይፈትል ይሆን እንግዲህ ለልጇ ልብስ

ስትል አገሩ በእንባ ታጠበ። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ። ማንን ነው የሚያለቅሱት? አንቺ እኮ ቁልፍ እንኳ የምትተክዪልኝ በቁስል መስፊያ ክር ነበር። የማላውቃት አንዲት ፈታይ ሞታ እኔ በስሕተት ለቅሶዋ ላይ የተገኘሁ መሰለኝ። በማግስቱ የእንዝርቱ ባለቤት መጥታ ወሰደችው። ስለዚህ የተለቀሰበት ዕቃሽ እንኳ ቤታችን የለም።

ያን ጊዜ ማልሁ። ተዝካርሽ ላይ ብስክሌቱ ዳሱ መሀል ይቆማል፤ ሰውም የሞተችውን ሴት ያውቃታል።

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ "ገዳይዋን ዳስ አላስገባም!" አሉ። ለድግሱ ዝግጅት ቀድመው ወደ ሞጣ ሲሄዱም ብስክሌቱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በትልቅ ጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን ጡታቸው ሥር ከተቱት። የቆለፉት ግን የፊት ጎማውን ብቻ ነው! ጎማ በአንድ እጅ እንደሚወልቅ ማን ይንገራቸው? አንቺ አስተምረሽኛል። የውድድሩ ጎማሽ አንድ ቀን እንኳ መሬት ሳይነካ አልጋሽ ሥር ተቀምጦ ነበር። እሱን ገጠምሁ። አሁንም ጓጉንቸሩ ያንን አሮጌ ጎማ በታማኝነት እየጠበቀ ነው።

ልብስ ማስጫ በሆነው ማቆሚያሽ ላይ ለወራት በሬን ዘግቼ ስጋልብ አባዬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። በብስክሌቱ ወደ ሞጣ በሄድሁበት ጠዋት ግን ጠረጴዛው ላይ በሶ የተሞላ ኮዳሽን አገኘሁ። ሲበጠብጠው ጓጉሎበታል። ውጪ ከባልደረባው የተዋሰውን ሞተር አስነስቶ "እኔ ከኋላ ነኝ፤ አታናግሪኝ፣ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ" አለኝ።

እማ፣ ይህ መንገድ ውሸታም ነው! ሜዳ መስሎ ዳገት ነው። ደብረ ወርቅ እስክደርስ አንቺን ሳማሽ ሄድሁ። ልጆች የራስ ቁርሽን አይተው "ፓይለት! ፓይለት!" እያሉ ተከተሉኝ። ከመርጡለ ማርያም መገንጠያ ወዲያ ግን ማማቱም አቃተኝ። አንድ ዳገት ላይ ወርጄ ሣሩ ላይ ተዘረርሁ፤ አባዬም ሞተሩን አጥፍቶ አጠገቤ ቆመ። እዚያ ተኝቼ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስሁልሽ። "ስለ ደከመኝ ነው" አልሁት። ከአፌ ሲወጣ ያንቺ ድምፅ ሆነ፤ ደነገጥሁ። አባዬም "ድካም ነው ብለሽ አትለፊው፤ ሰኞ ደምሽን ትታያለሽ" አለ። ለአንቺ ያላለውን ለእኔ አለ። ሁለታችንም ይህን አወቅን፤ ተነሥቼ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ።

ሞጣ ስንገባ ቅዳሴው አልቆ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ማልያሽን ለብሼ፣ አፈር መስዬ፣ በሰኮናሽ ቀጭ ቀጭ እያልሁ ገባሁ። እግሬ የጎረቤት ነበር። እትዬ የሺ ጭልፋ እንደያዙ "ገዳይዋ! ገዳይዋን ይዛ መጣች!" ብለው ተነሡብኝ። የጎረቤቱ እንዝርት ዘንድሮም ከፎቶሽ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። ደግመው ተውሰው ከቢቸና ይዘውት መጥተዋል! መልሴ አፌ ላይ ነበር፤ የማልደግመው ስድብ ነበር።

አባባ ግን ቀደሙኝ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና "የሺ፣ ተቀመጪ" አሉ። ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ልጄ እንዝርት አታውቅም ነበር" አሉ፣ ዳሱ ሁሉ እየሰማ። "አምና በተውሶ አለቀስሁ። ዘንድሮ በራሷ ላልቅስ።"

ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ብስክሌቱን እንደ ፈረስ ግራና ቀኝ ያዙትና በሰው መሀል ሊያዞሩት ጎተቱ። አልሄድ አለ። እንደገና ጎተቱ፤ ጎማው ተንሸራተተ እንጂ አልዞረም። እንባቸው እየወረደ "እምቢ አለኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ለካ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ኖሯል። ሳቄ መጣ፤ ግን ከሳቁ ጋር ሌላ ነገር ስለመጣ አልሳቅሁም። "አባባ፣ ይልቀቁት" አልሁና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈታሁላቸው። ጎማሽ ዞረ። ያ ስትመጪ ከበር የምንሰማው፣ የሰንሰለቱ ጥርስ ትክ ትክ የሚልበት ድምፅ ዳሱን ሞላው። አልቃሿም፣ አምና ቃል የጠፋባት፣

ገብስ አይበላ ፈረሷ፣ ልጓም የለው፣ አንገት፤
እመቤቱን አጥቶ ሞጣ ገባ ብስክሌት

አለች። እትዬ የሺ ጭልፋቸውን ጥለው ጮኸው አለቀሱ። አምናም አልቅሰዋል፤ እንዲህ አልነበረም።

ታረቅን እንዳትዪ። አባባን ይቅር ብያለሁ፤ እትዬ የሺን ነገ ዛሬ እያልሁ ነው። አንቺን ገና ነኝ። ደሜን ሰኞ ለምርመራ እሰጣለሁ፣ አንቺ ባልከፈትሽው በር ገብቼ። ከዚያ ዕድሜዬ ሲፈቅድልኝ ጣናን ዋኝቼ፣ ጋልቤ፣ ሮጬ፣ መጨረሻው ላይ ቆሜ እንደገና እቆጣሻለሁ። የማስታውስሽ እንደዚያ ነው፦ ተደፍተሽ መስመር ስትፈልጊ፣ ዳገት ላይ ስትሳደቢ፣ ልክ ሳትሆኚም ልክ ነኝ ስትይ። ፈታይ ሆነሽ ትዝ ካልሽኝ ግን ያኔ በእውነት ሞተሻል። አላደርገውም።

ለምን ትዕግሥት ብለሽ እንደሰየምሽኝ እስከ ዛሬ ያልገባት፣
ልጅሽ