ለፋሲካ የተቀመጠው ፓኮ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ቆሻሻ አቃጠልኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃ ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ነው፤ ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ በሰኞው ስብሰባ ተነስቶ፣ "ከእንዳለው ተማሩ! ጤና መኮንን ሆኖ ጥጥና ጓንት ማቃጠል አይጸየፍም" አለ። ተጨበጨበልኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ማቃጠያው ጀርባ ቆሜ ሲጋራዬን እንደምምግ፣ ጭሴ ከቆሻሻው ጭስ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚሄድ ማን ይንገራቸው? በላሊበላ፣ ግማሹ ሰው ቄስ ግማሹ የቄስ ዘመድ በሆነበት ከተማ፣ "ዶክተሩ" ሲጋራ ይዞ ታየ ቢባል... ዶክተርም አይደለሁም እኮ። ሰው ይለኛል፣ እኔም አላርምም።

ያላጨበጨበችው ፋርማሲ የምትሠራው ነሲባ ብቻ ናት። ስንወጣ ጠጋ ብላ፣ "ዛሬ ምን ነበር የሚቃጠለው?" አለችኝ።

"ጥጥ።"

"ጥጥ እንዲህ ይሸታል? አጂብ ነው።"

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ደብዳቤ ደረሰኝ። ባለፈው ወር ወልድያ ለሦስት ቀን ሥልጠና ልከውኝ ነበር፤ ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው እንዴት እንደሚረዳ። ዕረፍት በተባለ ቁጥር ከአዳራሹ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ... ለምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈው። ከዛሬ ጀምሮ የጣቢያው የሲጋራ ማቆም አማካሪ ሆኛለሁ። ጅብ ሥጋ እንዲጠብቅ ተቀጠረ።

አዲስ መዝገብ ተሰጠኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ በቀን ስንት ያጨሳል፣ ያቆመበት ቀን፣ አማካሪ። የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶ አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ታካሚ ቁጥር 1 መጣ። ጋሼ ደርበው፣ አርባ ሦስት ዓመቱ። እንግዳና ተሳላሚ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ ነው። በቀን አንድ ፓኮ ተኩል። ባለቤቱ ወለላ ደግፋ አስገባችው።

እግሩን ፈታሁት። ትንሿ ጣት የለችም፤ ታኅሣሥ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል ቆርጠዋታል። አጠገቧ ያለችው ጫፏ ጠቁሯል። ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የደም ሥሩ በሲጋራ ምክንያት እየተዘጋ ነው። ፈጽሞ ካቆመ ሊድን ይችላል። ካላቆመ እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። አንድም ሁለትም ብሎ ነገር የለም፣ ፈጽሞ።

ወለላ፣ "እግር የሌለው ሰው አሸተንን በምን ይወጣል? በቅሎዋስ ማንን ትከተል?" ብላ አለቀሰች። እሱ ግን አየኝና፣ "ዶክተር፣ አንቱስ አጭሰው ያውቃሉ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከሸሚዜ ሸትቶት ይሆን?

"አዎ... አጨስ ነበር። ካቆምኩ አምስት ዓመቴ።" አምስት! ከየት እንዳመጣኋት እንጃ።

"በምን አቆሙት?"

መስኮቱ ላይ አንዱ የረሳው የወይራ መፋቂያ አየሁ። "በመፋቂያ" አልኩት። "ባማረኝ ቁጥር መፋቂያ አኝካለሁ።"

ወለላ መድኃኒት እንደተሰጣት ሁሉ፣ "እግዜር ይስጥልን" ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ ራሴን አደነቅሁ። (ሳደንቅ መፍራት አለብኝ።) ሥልጠናው ላይ "የማቆሚያ ቀን ከታካሚው ጋር ምረጡ" ብለውናል። ጋሼ ደርበው ጾም ላይ ቀልድ አያውቅም፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ታዲያ በሚቀጥለው ሰኞ ሁዳዴ ይገባ የለ? "ከጾሙ ጋር ያቁሙ" አልኩት። ፊቱ በራ። "ይቻላል" አለ። ወዲያው።

ለነሲባ በኩራት ነገርኳት። ለሱ የሚሆን የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ልጥፍ ካላት ልጠይቅም ነበር የሄድኩት። "ፓራሲታሞል አለኝ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ከጾም ጋር ያልከው ግን... አጎቴ ሙጂብ ረመዳንን ሙሉ ቀን ሲጋራ በአፉ አይዞርም። አዛን ሲል ግን ከቴምሩ በፊት እሱን ነው የሚፈልገው። ጾም ይፈታል እኮ፣ እንዳለው።"

"የኛ ጾም ሌላ ነው" አልኳት።

እሑድ፣ የካቲት 16

ቅበላ። ጋሼ ደርበውን ገበያ ዳር አገኘሁት። አንዱን ሳይጨርስ በሱ ሌላ ሲለኩስ። "ምነው ጋሼ?" ብለው፣ "ነገ ጾም አይደል ዶክተር? እየተቀበልኩ ነው" አለኝ። ለሲጋራም ቅበላ! ከልቤ ሳቅሁ። ስስቅ ዋልኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጋሼ ደርበው አቆመ። እኔ... ማቃጠያው ሦስት ጊዜ ነደደ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሦስተኛ ቀኑ። በወለላ ጮኸባት፣ በበቅሎዋ ጮኸባት፣ ተራ ሲጠብቁ በነበሩ ሰዎችም ጮኸባቸው። ሥልጠናው "ሲያምረው ውሃ ይጠጣ" ይላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ክልክል ነው! "ቆሎ ይቆርጥም።" እሱም እንደዚያው። የወልድያው ወረቀት ሁዳዴን አያውቅም። የቀረው መፋቂያው ብቻ ሆነ፤ ውሸቴ። እሱን እንደ ዳዊት ከእጁ አይለየውም።

"አንቱም እንዲህ ከብዶዎት ነበር?" አለኝ።

"ይከብዳል፣ ግን ያልፋል" አልኩ። የት አውቄ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ይገርማል። ወር ሊሞላው ነው። የቁስሉ ዳር ቀላ ቀላ ብሏል፤ ደም እየደረሰ ነው። እግሩ ሌሊት አይነድደውም፣ እንቅልፍ ይተኛል። ወለላ የሽንብራ እሸት አመጣችልኝ። "ዕድሜ ለአንቱ!" ትላለች።

ከሰኞ ጀምሮ እኔም በድብቅ መፋቂያ ይዤ ነበር። ለሱ ከሠራ ለኔ የማይሠራው ለምን ብዬ። ሁለት ቀን ቆየሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወደ ማቃጠያው እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ያተረፍኩት የጥርስ ንጣት ብቻ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ነሲባ ከዒድ ተመለሰች፣ ሐልዋ ይዛልን። አጎቷ ሙጂብስ? "ትናንት ከሶላት ሲወጣ ጀመረ፣ እስካሁን አላበቃም። ያ ያንተ ሰውዬስ?"

"የኔ ሰውዬ ጨርሷል። አቁሟል።"

"ኢንሻአላህ" አለች። አባባሏ ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ሕማማት ስለሆነ ለቀጠሮው አልመጣም፤ ስግደት ላይ ነው ተባለ። ከሰዓት ቤቱ ሄድኩ። ወለላ የፋሲካውን ዝግጅት ታሳየኝ ጀመር። ዶሮው እዚያ ታስሯል፣ ቅቤው በቅል ነው፣ እንቁላሉ በሰፌድ። ከእንቁላሉ አጠገብ... ፓኮ። ያልተከፈተ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የፋሲካው ነው" አለ ጋሼ ደርበው፣ ኩራት በኩራት ሆኖ። "ሃምሳ ሁለት ቀን አልነካሁም። ዶሮዋን ቀምሼ፣ ከላዩ አንድ።"

ወረቀቱን አስታወስኩት፣ እግሩን አስታወስኩት፣ "አንድም ቢሆን!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ለኔ እንደማዘን ብሎ፣ "ዶክተር፣ ከጾሙ ጋር ያሉኝ አንቱ ነዎት። የማይፈታ ጾም የት አለ?" አለኝ።

ሰውየው እግሩን አስይዞ የተከተለው የኔን ብልጠት ነው።

ለነሲባ ደውዬ ነገርኳት። "ነግሬህ አልነበር?" አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ስቅለት። ሰው ሁሉ ይሰግዳል። እኔም ሰገድኩ፤ በአርባኛው ሳንባዬ አፏጨ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት እየቆጠሩ ቀጠሉ።

ነሲባ ትናንት ያለችው ጆሮዬ ላይ ነው። "ምክርህን የሚሰማህ ያቆምክ መስለኸው ነው። እውነቱን ንገረው።"

"ከተማው ቢሰማስ? ሥራዬ?"

"አንተ ስምህ ይጎድላል። እሱ እግሩ ይጎድላል። አንተው መዝነው።"

ፈራሁ። እዚህ ልዋሽ? በጣም ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቅዳም ስዑር። ሄድኩ። ጋሼ ደርበው ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አስሮ ለበቅሎዋ ድርቆሽ ይሰጣል። ወለላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ቁጭ ይበሉ ሳይሉኝ ቁጭ አልኩ። ካልቀደምኩ እንደምሸሽ አውቃለሁ።

"አላቆምኩም" አልኩ።

"ምኑን?"

"ሲጋራውን። ዛሬ ጠዋትም አጭሻለሁ።"

ድርቆሹ በእጁ ቀረ። "አምስት ዓመት ያሉኝስ?"

"ውሸት ነው።"

"መፋቂያውስ?"

"እሱም። መስኮት ላይ አይቼ ነው... ለእርስዎ ግን ሠራ፣ ጋሼ።"

ወለላ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቅ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ" አለች። እሱ አልሳቀም። እያነከሰ ገባ፣ ፓኮውን ይዞ ወጣ። አሁን ሊለኩስ ነው አልኩ።

"ያዝ!" አለኝ።

"ያዝ" እንጂ "ይያዙ" አላለኝም። አንቱታዬ እዚያው ሞተች። ይገባኛል።

"ሳትከፍተው በኪስህ ይዘኸው ትዞራለህ። ረቡዕ ረቡዕ አየዋለሁ። እኔ በውሸትህ ሃምሳ አምስት ቀን ከቆየሁ፣ አንተ በእውነት ቆይ እስቲ! ከዚህም ሆነ ከሌላ፣ አንተ የለኮስክ ቀን እኔም እለኩሳለሁ። ሰማህ? እግሬ ያለው ኪስህ ውስጥ ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄ እንኳ በሕክምና..."

"ሕክምናህን አየነው።"

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ዶሮ በላሁ። ከላዩ አንድ... እጄ ሦስት ጊዜ ኪሴ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ባዶውን ወጣ። ማታ ወለላ ደወለች፦ "አልነካም። መፋቂያውን ነው የያዘው። አንተስ?"

እሷም አንተ አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ለቀጠሮው መጣ። እግሩን ሳላይ እሱ ፓኮውን አየ። ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሩ ዳሰሰው። ከዚያ እግሩን ዘረጋልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በነሲባ ጮኼባታለሁ፣ በኃላፊው ጮኼበታለሁ፤ በቅሎ የለኝም እንጂ...

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ወደቅሁ።

ቀኑ ከፍቶ ነበር፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ወደ ቤት ስሄድ ከአሰለች ሱቅ አንዲት ፍሬ ገዛሁ። ሱቁ ጀርባ ቆሜ ግማሹን እንደጨረስኩ የደርበው ጣት ታየችኝ፣ ያቺ ጫፏ የጠቆረችው። ጣልኩት። ምን ዋጋ አለው?

ፓኮው ግን አልተከፈተም። ማንም አላየኝም። ረቡዕ "ይኸው" ብዬ ባሳየው...

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አሳየሁት። ገለበጠ፣ ዳሰሰ። "ጎበዝ" አለኝ። ማለፍ እችል ነበር። በሩ ጋ ደርሷል።

"ጋሼ፣ ከትናንት ወዲያ ግማሽ አጭሻለሁ። ከሌላ ገዝቼ።"

ቆመ። ሳይዞር፣ "ያጨስከው እግሬን ነው" አለ። ወጣ።

ጋዋኔን ሳላወልቅ ተከትዬው ሮጥኩ። በልቤ አሰለች ሱቅ ደርሷል። ወረፋ የያዙ ሰዎች፣ "ዶክተር ምን ሆኑ?" ይላሉ። ግቢው በር ላይ አገኘሁት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መፋቂያ ያኝካል። እያለከለክሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

"ልለኩስ ነበር የወጣሁት" አለ። "ግን አምስት ዓመት ብሎ የዋሸኝ ሰው ዛሬ ማንም ሳይጠይቀው እውነት ተናገረ። ይህም አንድ ነገር ነው።" ከኪሱ አዲስ መፋቂያ አውጥቶ ሰጠኝ። "ከአንድ ጀምረህ ቁጠር። እኔ ስልሳ ስድስት ነኝ።"

ከሰዓት መዝገቡን አወጣሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጻፍኩ። ስም፦ እንዳለው። ዕድሜ፦ ሠላሳ አንድ። ያቆመበት ቀን፦ ሚያዝያ 21። አማካሪ፦ ደርበው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

አሸተን ማርያም ወጣን። ቁስሉ ከደረቀ የመጀመሪያ መንገዱ ነው። ጣቷ ተርፋለች፣ ጫፏ ብቻ ተልጣለች። በቅሎዋን እሱ ይስባል፣ ወለላ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ፣ ምላሴ ወጥቶ።

"ታካሚዬ፣ ደህና ነህ?" እያለ በየኩርባው ይጠብቀኛል። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ላይ ደርሰን እጁን ዘረጋ። ፓኮውን ሰጠሁት። ጎኑ ተጨፍልቋል፣ ቀለሙ ለቋል፣ ላስቲኩ ግን እንዳለ ነው። አየና መልሶ ኪሴ ከተተው።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ስብሰባ። ኃላፊው በኔ ላይ ተነሳ። "እንዳለው ምን ነካው? ያ ሁሉ ትጋት የት ሄደ? ቆሻሻ ተከምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚቃጠለው!" ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንገቴን አልደፋሁም።

ከኋላ ጭብጨባ ተሰማ። ነሲባ ናት፣ ብቻዋን። ኃላፊው ግራ ገብቶት፣ "ምኑ ነው የሚጨበጨበው?" ሲላት፣ "ይቅርታ፣ ዝንብ ነው" አለች።

ረቡዕ ቀጠሮ አለብኝ።