አራት ራይት፣ ሁለት ኤክስ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቁጥር 11 ዛሬ ተለጠፈ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከሰሌዳው ላይ ጊዜው ያለፈበትን ማስታወቂያ ሁሉ ነቅዬ፣ ፒኖቹን ቆጥሬ ሳጥናቸው ውስጥ መለስኩ። ሃያ አራት ነበሩ፣ ሃያ ሦስት አገኘሁ። አንዱ የት ሄደ?

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ታናሽ እህቴ ናት የገፋፋችኝ። "እታለም፣ ቁም ሣጥኑንም በቀለም ተራ ደረደርሽው፣ ከእንግዲህ ምን ቀረሽ? እኔን ልትደረድሪኝ ነው?" ብላ። የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለዶክትሬት ተመራማሪዎቹ ሳምንታዊ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልግ ነበር። ሄድኩ። በሳምንት ሦስት ጠዋት። ስለ ጉባኤ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ምርምር ቦታ የሚመጣውን ማስታወቂያ አንብቦ፣ አጣርቶ፣ በአንድ ገጽ አሳጥሮ መለጠፍ። ርዕሱ "የሳምንቱ ዜናና ዕድል"።

ስለ አፈር የሚያጠናው ልጅ... ጓደኞቹ አፈሩ ነው የሚሉት... ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ።

"ቲቸር፣ ይሄን ሲለጥፉ ውኃ ልክ ተጠቅመው ነው?"

"ማስመሪያ" አልኩት።

"እኔማ ቀልዴን ነበር!"

እኔ ግን አልቀለድኩም።

የዚህ ሳምንት ትልቁ ዕድል፦ አንድ የምርምር ማዕከል አራት የዶክትሬት ተማሪዎችን ለስድስት ወር ይቀበላል። የድምፅ መተንተኛ ላቦራቶሪ አለው። መመዘኛው ስድስት ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ፣ የካቲት 21፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እንቁራሪት መጣች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፣ እሷም ወዳዋለች። የእንቁራሪቶችን ድምፅ እየቀዳች የኩሬዎችን ጤና ታጠናለች። የሚጮኹት ከቀነሱ ኩሬው ታሟል ማለት ነው። አሥራ አራት ኩሬ፣ ሦስት ዓመት።

ስለ ማዕከሉ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። እንደ ልማዴ ሠንጠረዡን አወጣሁ። ማንም ሊያመለክት ሲያስብ አስቀድሜ በእርሳስ አርመዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ራሴ የጨመርኩት ነው። ተማሪ ሳይዘጋጅ ፈተና አይቀመጥም። የተመዘገበ ተማሪ፣ ራይት። ሁለተኛ ዓመት ያለፈ፣ ራይት። ራሱ የሰበሰበው መረጃ፣ ራይት። የአማካሪ ደብዳቤ፣ ፕሮፍ ይጽፍልኛል አለች፣ ራይት። የታተመ ጽሑፍ...

"በግምገማ ላይ ነው ቲቸር።"

ኤክስ። የድምፅ ትንተና ሥልጠና ምስክር ወረቀት?

"የለኝም።"

ኤክስ።

"ከስድስት አራት። አታሟዪም። ለሚቀጥለው ዓመት ተዘጋጂ" አልኳት። በጥሩ ቃል ነው የነገርኳት።

"እሺ ቲቸር" አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሌሎች ሦስት መጥተው አየሁላቸው። የሚያሟላ የለም። ምሳ ላይ ለእህቴ ብነግራት "የገነትን በር ላንቺ ቢሰጡሽ ቅዱሳኑም ደጅ ያድሩ ነበር" አለችኝ። ስታዋልድ የኖረች ናት፣ የመጣውን ሁሉ መቀበል ለምዳለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አፈሩ ወረቀት ለማባዛት ገብቶ ወሬ ጣል አደረገ።

"እንቁራሪትን አዩዋት? የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት እየመለሰች ነው።"

"ለምን?"

"የዶክትሬት ጊዜዋ ሰኔ 30 ያበቃላ። አንዱን ሰዓት ቅጂ በጆሮዋ ሰምታ ለመቁጠር አራት ሰዓት ይፈጅባታል። ሺህ ሰዓት ምናምን ቀርቷታል። ያለ ማዕከሉ ላቦራቶሪ አትጨርሰውም። ፋርማሲ ቤት፣ ወደ ድሮ ሥራዬ፣ ልመለስ ነው ትላለች።"

ሲወጣ አስላሁት። ሺህ ሲባዛ በአራት... በቀን ስምንት ሰዓት ብትሰማ አምስት መቶ ቀን። እስከ ሰኔ 30 የቀረው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

"ለሚቀጥለው ዓመት" ነበር ያልኳት። የሚቀጥለው ዓመት የላትም። ለምን አልነገረችኝም? እኔስ ለምን አልጠየቅኩም?

ግን መመዘኛ መመዘኛ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ስልክ ተደወለ። ከማዕከሉ፣ አስተባባሪዋ።

"ከእናንተ ዘንድ አንድም ሰው አላመለከተም። ማስታወቂያው አልደረሳችሁም እንዴ?"

"ደርሷል። በደረሰ ቀን ለጥፌዋለሁ። የሚያሟላ የለም።"

"ማን ነው ያለው?"

"...እኔ።"

ሳቀች። በክፋት አይደለም። "እናቴ፣ አራት ቦታ ይዘን ሁለት ማመልከቻ ነው የመጣልን። ስድስቱንም የሚያሟላ ሰው እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል? ምስክር ወረቀት የሚለውኮ ከአምናው ቅጽ ሳይነሣ ቀርቶ ነው። ሥልጠናውን የምንሰጠው እኛው ነን! እነሱ ያመልክቱ፣ መምረጡን ለእኛ ይተዉልን።"

ክው አልኩ። ስልኩን አስቀመጥኩ። ሠላሳ አራት ዓመት አርሜያለሁ። ሳይፈተን የጣልኩት ተማሪ ግን አልነበረም። አሁን አለ። አራት።

ሦስቱን ደውዬ አገኘኋቸው። ሁለቱ ሌላ ቦታ ይዘዋል፣ አንዱ "እሞክራለሁ" አለ። እንቁራሪት ስልክ አታነሣም። ወደ ትምህርት ክፍላችን ላቦራቶሪ ወረድኩ። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በእርሳስ ሰረዝ እየሳበች ትቆጥራለች። ትከሻዋን ነካሁ።

"ማመልከት ትችያለሽ። ያን ዕለትም ትችዪ ነበር። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

ማዳመጫውን አወረደች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቁጣ ይሻል ነበር።

"ቲቸር፣ እኔኮ አልችልም ብዬ ነው የመጣሁት። 'አይ፣ ትችያለሽ' ይሉኛል ብዬ።"

እርሳሷን አስቀመጠች።

"ስንት ቀን ቀረ?"

"ነገና ከነገ ወዲያ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።"

"በፊርማ የተረጋገጠ የአማካሪ ደብዳቤ ይላል አይደል? ፕሮፍ ለመስክ ሥራ ረግረጉ ጋ ነው። እስከ ሰኞ አይመለስም። ኔትወርክ የለም።"

"አውቶቡስስ?"

"አለ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"እንግዲያው አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"እርስዎም?"

"ሩብ ጉዳይ ላይ እደርሳለሁ።"

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እግሬ ዝሏል፣ ግን ሁሉንም ልጻፍ።

ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ፣ አርባ ደቂቃ በእግር። እንቁራሪት መንገዱን ሙሉ ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሞላ፣ እኔ ሳነብ። "ጥናትሽ ለምን ይጠቅማል?" ለሚለው "ምናልባት ሊረዳ ይችል ይሆናል" ብላ ጽፋለች። "ይህ ምንድን ነው?" ብላት "ትሕትና" አለች። አሰረዝኳት። "የኩሬውን ውኃ የሚጠጣ ሰው አለ?" "አለ እንጂ፣ ሁለት መንደር።" "ታዲያ እሱን ጻፊ!" ጻፈች። ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው "እኔም ከዚያው መንደር ነኝ፣ ጻፊ ልጄ" አሏት። አውቶቡሱ ሁሉ አማካሪዋ ሆነ።

ፕሮፌሰሩን ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ አገኘነው። ጉዳዩን በአጭሩ ነገርኩት፣ ጥፋቴንም ጭምር።

"እኔ ሁለት ጊዜ አመልክቺ ብያት ነበርኮ!" አለ። "'ቲቸር አታሟዪም ብለውኛል' አለችኝ። ፕሮፌሰር ብሆን ምን ዋጋ አለው፣ ከሰሌዳዎት በታች ነኝ።"

ተይቤ ያመጣሁትን ደብዳቤ ሰጠሁት። አንብቦ ሁለት መስመር በእጁ ጨመረበት፣ ያማረ ነገር። ለመፈረም ግን ደረቅ ቦታ የለም። ድንጋዩም ግንዱም እርጥብ ነው።

"ጀርባዬ ላይ" አልኩና ጎንበስ አልኩ።

ፈረመ። ዞሬ ሳይ ወረቀቱ ጥግ ላይ የአውራ ጣቱ ጭቃ... ሙሉ አሻራ። እርግጥ ሁለተኛ ቅጂ ይዤ ነበር። ከቦርሳዬ ላወጣ ስል እንቁራሪት እጄን ያዘችኝ። "ቲቸር፣ አውቶቡሱ! ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው!"

ወረቀቱን አየሁ። እሷን አየሁ። "ይሂድ" አልኩ። ሮጥን። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ሮጥኩ። የጠዋቷ ሴትዮ ጉዳያቸውን ጨርሰው ቀድመውን ተሳፍረው ኖሮ፣ ሾፌሩን በወሬ ይዘው አቆዩልን።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ተላከ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። ጭቃው በፎቶው ላይ በደንብ ይታያል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ምንም የለም። እህቴ፦ "ስልኩን ተይው፣ አንቺ ብታፈጪበት አይጮህም።"

ዛሬ እንቁራሪት መጥታ ሁለት የቀሩ መጻሕፍት ስትመልስ አየኋት። "ካልሆነስ?" ልላት ፈለግሁ። አልጠየቅኩም። እሷ ግን ገባት። "ካልሆነም ቲቸር፣ ጠይቄ ቀረሁ ማለት ነው። ሳልጠይቅ ከመቅረት ይሻላል" አለችኝ። እኔን ልታጽናና!

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

መጣ! ከአራት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ። (ደቂቃውን አላየሁም።)

አምስት አመለከቱ፣ አራት አለፉ። እንቁራሪት ሦስተኛ ናት። ስድስቱንም ያሟላ ከአምስቱ አንድም የለም። ከታች አስተባባሪዋ ጨምራለች፦ "የጭቃውን ደብዳቤ ቢሮአችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ረግረግ የሚያጠና ሰው ደብዳቤ እንዲህ ነው።"

ለመለጠፍ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን እግሬ ቀደመኝ። ኮሪደሩ ላይ ስሟን ጠራሁ። የተጠመቀችበትን አይደለም፣ "እንቁራሪት!" ብዬ። ከየበሩ ወጡ። እሷ ወረቀቱን አንብባ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አፈሩ "ቋ!" አለ። ሌላዋ "ቋ ቋ!" ደገመች። ኮሪደሩ በሙሉ ኩሬ ሆነ። ዲኑ በሩን ከፍቶ "ምንድን ነው ይሄ?" ቢል ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

"የሳምንቱ ዜና ነው" አልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

እንቁራሪት ነገ ትሄዳለች። ልትሰናበተኝ መጥታ አቀፈችኝ።

ከሄደች በኋላ አፈሩ ገባ። ቁጥር 18 ላይ ያለውን የአፈር ካርታ ሥልጠና በጣቱ እያሳየ "አፈር ስሆን ቲቸር፣ አሟላለሁ?"

እርሳሱን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

"እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እነሱን ጠይቃቸው።"

"እምቢ ቢሉኝስ?"

"ደብዳቤውን አምጣልኝ።"

ለምን እንዳልኩት ያኔ አላወቅሁም። ማታ ራት ላይ ግን መጣልኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ሰሌዳው ላይ አዲስ ዓምድ አለ፦ "እምቢ የተባልንባቸው"። ተራ ቁጥር፣ የተጠየቀው፣ መልሱ የመጣበት ቀን። ተራ ቁጥር 1 አፈሩ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ እምቢ ብለውታል። ሲለጠፍ ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛው መጡ። እስከ የካቲት በለጠፍኳቸው ወረቀቶች በጠቅላላው ስድስት ሰው ነበር ያመለከተው። በመጋቢት ብቻ አሥራ አንድ።

ፕሮፌሰሩ የዛሬ ሃያ ዓመት እምቢ የተባለበትን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ "ይገባል?" አለኝ። "ጊዜው ያለፈበት አይለጠፍም" አልኩት። የተወሰነ ሥርዓት መኖር አለበት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

እንቁራሪት የድምፅ መልእክት ልካለች። የማዕከሉ ማሽን አምስት ወር የፈጀባትን ቆጠራ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል። ከዚያ የእሷን የእጅ ቆጠራ ከማሽኑ ጋር አስተያዩት፦ ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ልክ። "ከሰኔ በፊት እጨርሳለሁ ቲቸር!" ስትል ከጀርባዋ የሚስቅ ሰው ይሰማል። ዘጠና ሰባት! በጣም ጥሩ ነው። (ሦስቱስ?)

ዛሬ ሌላም ደብዳቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቁጥር 20ን ሳዘጋጅ ለክረምቱ የረግረግ ወፎች ቆጠራ ረዳት መዝጋቢዎች እንደሚፈልጉ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አመለከትኩ። ለእህቴ ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "አንቺ? ሳታሟዪ?" አዎ፣ ሳላሟላ። ከሰባት መመዘኛ ሁለት ብቻ ነበረኝ፦ የሚነበብ የእጅ ጽሑፍና ሰዓት ማክበር።

መልሱ አጭርና ጨዋ ነው። እምቢ ነው።

በጥሩ ወረቀት ገለበጥኩት። በማስመሪያ። ተራ ቁጥር 7፦ የረግረግ ወፎች ቆጠራ። ስሜን ሙሉውን፣ ከነአባቴ። ስለጥፈው አፈሩ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"ከሰባት ሁለት! ቲቸር፣ በዚህ ሰሌዳ ታሪክ የመጨረሻው ዝቅተኛ ውጤት ነው!"

"በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው" አልኩት።

"እንኳን ለዚህ አበቃዎት!" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሌሎቹም ተራ ይዘው ጨበጡኝ።

ሁለተኛው ዙር ግንቦት 20 ይዘጋል። ቅጹን ቤት ይዤ መጥቻለሁ።