የማይለቀቀው ነርስ ኦላና

ለተከበሩ ኮሎኔል ረታ፣
የሠራዊቱ ሕክምና ሥልጠና ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ቀለሙ የማይደርቀው ማኅተምዎ በሰላም እንዳላችሁ ተስፋ አለኝ። አምና እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለ ሆቴል ለአምስት ቀን አልትራሳውንድ እንዳስተምር የጋበዙኝ፣ ሲኤምሲ ሰፈር ክሊኒክ የምሠራው ባለሙያ፣ ዳናይት ይሕደጎ ነኝ። ባለፈው ወር ደግሞ የወንድሜን የአስር አለቃ ተስፉን መርዶ በአንድ መስመር ደብዳቤ ስለላኩልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሠልጣኞቹ አመራረጥ። የተስፉ ካምፕ ብቸኛ ነርስ ኦላና ልሠልጥን ብሎ ሦስት ጊዜ ሲያመለክት፣ ሦስት ጊዜም «ሥራ ስለሚበደል ሊለቀቅ አይችልም» ብለው ጽፈውለታል። ቢለቀቁ ሥራ የማይበደልባቸውን ግን ሳይሰስቱ ላኩልኝ፤ የመዝገብ ቤቷን ወይዘሮ አፀደን፣ የንብረት ክፍሉን ሙራድን፣ በጠቅላላው በሽተኛ ነክተው የማያውቁ አሥራ አንድ ጨዋ ሰዎችን። ወይዘሮ አፀደ ኩላሊትን ከጉበት ሳትለይ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ፎቶ ተነሥታለች።

ሁለተኛ፣ ለተስፉ ካምፕ ስለተሰጠው የአልትራሳውንድ ማሽን ንጽሕና። ያልሠለጠነ እጅ እንዳይነካው ብለው ስላዘዙ፣ ካምፑ ከገባ ጀምሮ ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም።

ሦስተኛ፣ መኪናቸው የተገለበጠ ዕለት ተስፉ ሆዱ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ላዩ ደህና ስለመሰለው ኦላና እሱን አቆይቶ አምቡላንሱን እግሩ ለተሰበረው ጓደኛው ሰጠ። ሆድ ውስጥ ደም መኖሩን በማሽኑ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ወንድሜ አራት ሰዓት ሙሉ ጠብቆ ሞተ። ኦላናን አልወቅስም፤ ደውሎልኝ አብረን አልቅሰናል። የምወቅሰው እርስዎን ነው፤ ይቅርም አልልዎትም።

አራተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ኦላና እንዲሠለጥን መፍቀድዎን ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን ኦላና የሰጠኝን ሦስቱን የእምቢታ ደብዳቤዎች ከሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር ጋር የተስፉን አሟሟት ለሚያጣራው ቦርድ አስገብቼልዎታለሁ። ምስክር ወረቀቶቹ ላይ ከእርስዎ ፊርማ ጎን የእኔም አለ። እያወቅሁ ስለፈረምሁ እጠየቅበታለሁ፤ አብረን እንቀርባለን።

ከወንበርዎ የሚነሡበትን ቀን በጾም በጸሎት የምትጠባበቅ፣
ትሑት አክባሪዎ
ዳናይት ይሕደጎ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ጸሐፊዎ ደውላ፣ ጎንዎን እየወጋዎ ስለሆነ እኔው በአልትራሳውንድ እንዳይዎት ቀጠሮ ጠይቃለች። ሾፌርዎም ከአሥራ አንዱ አንዱ መሆኑን፣ ምስክር ወረቀቱም በእጅዎ የተፈረመ መሆኑን አስታውሼ፣ እሱ እንዲመረምርዎ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት አስይዤልዎታለሁ።