ካርኒቫላችንን ወደ ደቻቱ አሸዋ ላወረዱልን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ገብረወልድ
የሰልፍና የደስታ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ ጫማዎም ደርቆልዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ልብስ የምሰፋ ኪንሲ ነኝ። ጎረቤቴ ኦርሊን ከትሪኒዳድ መጥታ እዚሁ ወልዳ የከበደች ሴት ናት። እሷና ጥቂት የካሪቢያን ቤተሰቦች አያቶቻቸው ከባርነት የወጡበትን ቀን በሐምሌ መጨረሻ በካርኒቫል፣ ማለትም በላባ ልብስ፣ ከበርሜል በተሠራ የብረት ከበሮና በጭፈራ፣ አደባባይ ወጥተው ለማክበር ፈቃድ ጠይቀውዎት ነበር። ስለ መልስዎ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፈቅደዋል። ከበሮ እንዳይመታ፣ ወገብ እንዳይንቀሳቀስ፣ መንገድም እንዳይዘጋ ተብሎ ነው የተፈቀደው። ኦርሊን ወረቀቱን አንብባ "ኪንሲ፣ ይሄ ካርኒቫል ነው ለቅሶ?" አለችኝ። ለቅሶ ላይ እንኳ ድምፅ እንደሚፈቀድ ነገርኳት።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ራስዎ መረጡልን፤ በክረምት፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ! ደቻቱ ይህችን ከተማ በድንገተኛ ጎርፍ ስንቴ እንዳስለቀሳት የሚያውቁ ሽማግሎች ቢሮዎ ድረስ መጥተው ቢለምኑዎትም፣ ከበስተጀርባቸው ተራራው ደመና ለብሶ ሳለ "ፀሐዩን አታዩም እንዴ?" ብለው አረጋግተዋቸዋል።

ሦስተኛውን ስጽፍ ሳቅ እያቋረጠኝ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። በዕለቱ በክብር ድንኳንዎ ሆነው ስለ ሥነ ሥርዓት ሲናገሩ፣ ባጃጅ ነጂው ዐብዲራዛቅ ከድልድዩ ላይ "ወራያ! ውሃ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ራቅ ብለው አሸዋው ላይ የሚጫወቱት ልጆቻችን አልሰሙትም። ያን ጊዜ ማይክሮፎኑን ወርውረው "ከበሮውን ምቱት! ምቱት እንጂ!" ያሉት እርስዎ ነበሩ። ኦርሊንና ወገኖቿ ለጌጥ ብቻ ይዘውት የነበረውን ከበሮ መቱት፤ ልጆቹም ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ሁላችንም ነፍሳችንን ይዘን መንገዱ ላይ ስንወጣ፣ ውሃው ድንኳንዎን ብቻ ይዞት ሄደ።

ኦርሊን ልጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያም ከበሮዋን እንደገና አነሳች። ከሞት የተረፈ ሰው ቆሞ ይቀራል እንዴ? ነጋዴው፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ባጃጁ ሁሉ ተከተላት። እርስዎም፣ በድንጋጤ ይሁን በደስታ እንጃ፣ ወገብዎን በሚገባ አንቀሳቅሰዋል።

አራተኛ፣ በሳምንቱ "ያለ ፈቃድ ከበሮ በመምታትና መንገድ በመዝጋት" በሚል በፊርማዎ ከሰሱን፤ ከበሮዎቹንም ወረሱ። ያዘዙን እርስዎ ነዎትና አብረውን ቢቀጡ ክብር ይሰማናል። ከበሮዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ግን የሳቢያን ሴቶች ድስታችንን ይዘን ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ልምምድ ጀምረናል፤ ድስት መምታት በፈቃዱ ላይ አልተከለከለምና።

ንግግርዎን ውሃ ያቋረጠባት፣ ቀሪውንም ለመስማት ጨርሶ የማትቸኩለው አክባሪዎ፣
ኪንሲ ዒጋል

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ስምረት ትናንት ወደ ሱቄ መጥተው ለከርሞ ሰማያዊ የላባ ክንፍ አዝዘዋል። አንድ የወንድ ልብስም ጨምረዋል፤ ዳሩ ግን የነገሩኝ የሆድ ልክ በዓይኔ ካየሁት እጅግ ያነሰብኝ ስለሆነ፣ ለመለካት እርስዎ ራስዎ በአካል እንዲቀርቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።