የግድግዳ ማዶ ሞግዚት

ለተከበሩ የሕፃናት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎም ወንበርዎም ሳይጓደል ይህ ደብዳቤ በሰላም እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በማታ ፈረቃ የምሠራ እናት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። የስምንት ዓመት ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር ወይስ ማሳደጊያ ትግባ የሚለውን በመጪው ማክሰኞ ስለሚወስኑልኝ፣ ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ባልደረባዎ፣ ሰፈርተኛው በሬ ላይ ተኮልኩሎ እያየ፣ ድስቴን ከፍተው ስላሸተቱና የልጄን ፍራሽ ገልብጠው እርጥቡን ስላሳዩ አመሰግናለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ጓደኞቿ ፊት ዐይኗን ከእግሯ ጣት ላይ አልነቀለችም።

2ኛ. ቸልተኝነት ማለት ልጅን ያለ ተገቢ ጠባቂ መተው እንደሆነ ከነአንቀጹ ስላነበቡልኝ ውለታቸው አለብኝ። እኔ አላዋቂዋ፣ ማታ ሥራ ስገባ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብዬ፣ ግድግዳ የምንጋራቸውን ጡረተኛ አዋላጅ አምኜ ነበር። ልጄ ስትፈራ ግድግዳውን ትመታለች፣ እማማ መልሰው ይመታሉ፤ ስታበዛም ቁልፍ አላቸውና ዘው ይላሉ። ይህ በሕግ ጥበቃ እንደማይባል ሲነገራቸው፣ ግማሹን ሰፈር ያዋለዱት ሴትዮ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

3ኛ. ልጄን ለጥያቄ ብላችሁ ቢሯችሁ ወስዳችሁ፣ መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ፣ ስብሰባ ገብታችሁ፣ ከስብሰባውም በሌላው በር ወጥታችሁ ወደየቤታችሁ ስለሄዳችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ያገኟት መብራት ሊያጠፉ የዞሩት ዘበኛ ናቸው። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ይበዛብኛል። ለእናንተ የተለየ አንቀጽ ካለ ቢጠቁሙኝ ግን እኔም በእሱ ብዳኝ ደስ ይለኛል።

ጥፋቴን አልክድም። በልጅ ላይ በር ቆልፎ መሄድ ያሳፍራል፤ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር አፍሬያለሁ። ወደ ቀን ፈረቃ እንድዛወር ለአለቃዬ አንዲት መስመር እንዲጽፉልኝ ባልደረባዎን ብለምናቸው፣ የቢሮው ሥራ እንዳልሆነ በትሕትና አስረድተውኛል።

ለልጄ ከእኔ በላይ ለተጨነቀው ልብዎ ዕረፍት እየለመንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ቸልተኛዋ እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ መዋሸት አታውቅበትም ነበር። ትናንት ወደ ሥራ ስወጣ ግን፣ ሰው ከመጣ እናቴ ሽንት ቤት ናት እንደምትል፣ ማንም ሳይነግራት አስባ አጽናናችኝ። መቆጣት ሲገባኝ ግንባሯን ስሜ ጎበዝ አልኳት። ይህችን ውሸት ያስተማርናት እኔና እርስዎ ነን፤ እኔ በበኩሌ አፍሬያለሁ።