የሁለት ጸሎት ልጅ

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ሁለተኛ "ለ" ክፍል ዛሬ ጸ እና ፀ ላይ ተጣሉ። "ልኩ የቱ ነው ቲቸር?" ሁለቱም ልክ ነው ብላቸው ማን ይመነኝ... ደወል አዳነኝ።

ማታ ሽሮ ሠራሁ። ይድነቃቸው ከሱቅ ሲመጣ ሥጋ ይዞ ነው። ጾም መሆኑን ረስቶ? ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ ምንም የማይረሳ ሰው ረቡዕን ይረሳል? ራሱ ጠበሰ፣ ራሱ በላ። መጥበሻውን የለየሁበት እኔ ነኝ፤ ያንን አልክድም። ድሮ የመጀመሪያው ጉርሻ የእኔ ነበር። አሁን በአንድ ጠረጴዛ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ።

ከዚያ መኝታ ቤት ገብቶ ጸለየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ጌታ ሆይ፣ ሔራንን ከጨለማ አውጣት።" እኔ ሳሎን መብራት አብርቼ ደብተር አርማለሁ። የቱ ጨለማ?

በቁርባን ነው የተጋባነው። "ጌታን አገኘሁ" ብሎ ከመጣ አራት ዓመቱ። እኔስ እስከዛሬ ማንን ሳመልክ ኖርኩ? ጠይቄው አላውቅም። መልሱን ስለምፈራ ይሆን?

ጥቅምት 19

ሁለት መስመር።

ሁለት ጊዜ አየሁት። ሦስተኛ ገዝቼ አየሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ብቻ ሲያሳየኝ የኖረ ነገር... ሐኪሙ ጋ ስሄድ ሁለተኛ ወርሽን ልትጨርሺ ነው አለኝ።

ቀጥታ ሱቅ ሄድኩ። ሲሚንቶ እያስጫነ ነበር። በጆሮው ነገርኩት። የሚስማር ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ደንበኛ ቆሞ እያየ እጄን ይዞ አለቀሰ። ሰው ፊት እጄን ከያዘ ስንት ጊዜው...

"እስኪጸና ለማንም አንናገር" አልኩት።

"እሺ" አለ። "ለማንም።"

ማታ አልጮኸም። ምን ብሎ እንደጸለየ አልሰማሁም። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ከቅዳሴ ተመልሼ ልብስ አሰጣለሁ። ጎረቤቴ ሰልሚያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማይኩ" አለች።

የእነሱ ቸርች ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ይድነቃቸው መድረክ ላይ ወጥቶ መስክሯል። ከዚያ ፓስተር ዑራኤል ተቀብሎ፣ "ዘጠኝ ዓመት ጠበል ሲያመላልሱት የኖረ ማኅፀን በአንድ ቃል ተከፈተ" ብሏል። ሰልሚያ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ። ልብስ እያጠበች ሰምታው።

ይድነቃቸው ሲመጣ ጠየቅሁት።

"ክብሩን ለጌታ መስጠት ነበረብኝ።"

"ክብሩን ስትሰጥ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

 የተሳሳተ አይመስለውም። ያዘነልኝ ነው የሚመስለው። ያ ነው የሚያቃጥለኝ... ያ ማዘኑ።

ኅዳር 12

የሚካኤል በዓል። እማዬ "ሳትመጪ እንዳትቀሪ" ብላኝ ከወልቂጤ ቡታጅራ ሄድኩ። ለካ ስለት ነበራት። ትልቅ ጃንጥላ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። በሕዝቡ ፊት ተነገረላት። "እኅታችን ወይዘሮ ዓለምዘውድ፣ ልጃቸው መካን ተብላ..." ሰባኪው ቀጠለ፤ "መናፍቃን የእኛ ነው እያሉ ነው አሉ። የሰማው ግን ማን እንደሆነ እናውቃለን።"

ሕዝቡ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ደስ አለኝ... በልጄ አይደለም። በለጥናቸው ብዬ። ፓስተር ዑራኤል እዚያ ቆሞ ቢሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ነው ያፈርኩት። ማኅፀኔ በአንድ ወር ሁለት ማይክ ላይ ወጣ። እንዳረግዝ ክኒን ያዘዘልኝን ሐኪም በየትኛውም ማይክ ያነሳው የለም። እኔም አላነሳሁትም።

ታኅሣሥ 9

ፓስተሩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤት መጣ። ስሙ ዑራኤል ነው፤ እናቱ ለታቦቱ ብላ ያወጣችለት ስም። አንድ ቀን ብጠይቀው... "እህት ሔራን፣ ሕፃን አይጠመቅም። አድጎ ሲያምን ነው። እኛ ለጌታ እናቀርበዋለን" አለኝ። እኔ ሳልመልስ ይድነቃቸው "አሜን" አለ።

እማዬ በስልክ፤ "በአርባ ቀኑ ካልተጠመቀ ልጅሽ አይደለም። የልጅ ልጄም አይደለም።"

የንስሐ አባቴ ደግሞ "ትዳሩን አስቢበት" አሉ። አነጋገራቸው አስፈራኝ።

ፓስተሩና ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ተጣላን።

"ልጄን ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ቆሜ አላይም" አለ።

"ጭንቅላቱን ይዘው ሲጮሁበት እኔም አላይም" አልኩ።

ስለ ማን ነው የምንጣላው? ገና እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ተንቀሳቀሰ። እንደ ዓሣ... እንደ ጣት መታ ማድረግ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ይድነቃቸው እስኪመጣ። የምነግረው እሱ ብቻ ነው።

ሲመጣ ፓስተሩን ይዞ መጣ።

አልነገርኩትም።

ጥር 16

ልጁ የለም።

ረቡዕ ደም አየሁ። ይድነቃቸው አታት ሆስፒታል ወሰደኝ። ነርሷ ግንባሬን እያበሰች "አይዞሽ እቱ" ትለኛለች። የሚደረገውን ሁሉ አደረጉ። ወንድ ነበር።

በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለይድነቃቸው ሰጡት። አንድ ክንዱ ላይ ይበቃል። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ "የት ልውሰደው?" አለኝ።

ደብሩ ያልተጠመቀ አይቀበልም። አውቃለሁ። "የእናንተ ጋ አይሆንም" አልኩት። ያን ሰዓትም ያ ነው የወጣኝ... "የእናንተ"። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የእግሩን ኮቴ ሰማሁ፣ በሩን ሰማሁ።

የት እንደወሰደው አላውቅም።

ጥር 23

ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል።

ፓስተር ዑራኤል ግድግዳዬ ላይ ያለውን የማርያም ሥዕል እያየ፣ "በዚህ ቤት ለጌታ ያልተለቀቀ ነገር አለ" አለ። እማዬ ጓዳ ወስዳኝ፣ "የመናፍቅ እጅ ያረፈበት ፅንስ ይጸናል ብለሽ ነው?" አለችኝ። እንግዲህ ልጁ ሲመጣ ሁሉም የእኔ ነው አለ። ሲሄድ አንዱ በሌላው አሳበበ። የእኔ ነበር ያለ የለም።

ሰልሚያ አጥሚት ይዛ መጣች።  የተከመረውን ሰሃን አጥባ፣ ትከሻዬን ነክታኝ ሄደች።

ነገ እማዬ ጋ ቡታጅራ እሄዳለሁ። ይድነቃቸው ሻንጣዬን አወጣልኝ። "ቅሪ" ቢለኝ እቀር ነበር? ምናልባት። እሱም "እቀራለሁ" እንድል እየጠበቀ ይሆናል።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ከትምህርት ቤት ያስፈቀድኩት አለቀ፤ ያለ ደመወዝ አራዘሙልኝ።

ማታ ማታ ይድነቃቸው ይደውላል።

"መብራት አለ?"

"አለ። እዚያስ?"

"ጠፍቶ መጣ።"

"ዘነበ?"

"ትንሽ።"

ከዚያ ስልኩን ሳንዘጋ እንቆያለን። ትንፋሹ ይሰማኛል። "የት አደረግከው?" የሚለው አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ቢነግረኝስ? ቢያመኝስ? ካልጠየቅሁት የሆነ ቦታ አለ። ብርድ የማይነካው ቦታ።

እማዬ "እግዜር ለየሽ፣ እዚሁ ቅሪ" ትላለች። እሺም እንቢም አልላትም።

ናፍቆኛል። እጁ ላይ ያለው የቀለምና የብረት ሽታ... ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው። ያ ጩኸቱ እንኳ። ከሚቀጥለው ክፍል "ሔራንን" ሲል ስሜ ነበር የሚጠራው። እስከዛሬ የሰማሁት "ጨለማ" የሚለውን ብቻ ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

አማቼ አቶ ፈቃደ፣ የይድነቃቸው አባት፣ መጡ። ያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ጉልበታቸው። ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል። እማዬ ደጅ ላይ ስታያቸው ፊቷ ተለወጠ።

"ልጄን ልትወስድብኝ እንዳይሆን የመጡት?" አለች። አንተም እርስዎም ተደባለቀባት።

"አይደለም" አሉ በዚያ በጉራጌ ቅላጼያቸው። "ልውሰዳት አላልኩም። ላሳያት ነው።"

ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ያን ቀን ይድነቃቸው ጨርቁን ታቅፎ አባቱ ጋ ነው የሄደው። ከአታት ትንሽ ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። ሁለቱ ቆፈሩ። ከጓሮ፣ እንሰቱ መሃል።

"እሁድ እሁድ ከቸርች ቀጥታ እኔ ዘንድ ነው" አሉ። "ምሳ ስንለው አይበላም። እዚያ ይቀመጣል። ሲመሽ ይነሳል።"

"ለእኔ አልነገረኝም።"

"ጠይቀሽዋል?"

ነገ አብሬያቸው እሄዳለሁ። እማዬ "በጾም፣ በዚህ ሰውነትሽ" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ገብታ ቆሎ ቆላች። በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችው፣ ሳታየኝ።

መጋቢት 15

ትናንት ልጽፍ አልቻልኩም።

ይድነቃቸው ከእኛ በፊት ደርሶ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ። አባባ ፈቃደ ከጓሮው በር ተመለሱ። እኔ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አየኝና ሊነሳ ፈለገ... መልሶ ተቀመጠ።

ምልክት የለውም። ሰፊ እንሰት፣ ሥሩ አፈሩ ትንሽ ከፍ ያለ። አባባ ዘንድሮ ለቆጮ ሊፋቅ የደረሰ ነበር አሉኝ፤ ትተውታል።

"ማን ጸለየለት?" አልኩት።

"ማንም።"

"አንተስ?"

"አባባ ጸልይ አለኝ። አፌን ከፈትኩ... ምንም አልመጣም። ሔሩ፣ አንድ ቃል። ያ ሁሉ ዓመት ስናገር የኖርኩት አንድ ቃል አልመጣም።"

ሔሩ ብሎ ከጠራኝ ቆይቷል።

"በገና ዕለት ተንቀሳቅሶ ነበር" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፓስተሩ ነበር።"

ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፋ።  እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ።  እሱ አጥብቆ ያቀፈው እምነት ሁሉ፣ እኔም የያዝኩት ሁሉ... ለዚያ ለትንሽ ጉብታ የሚሆን ምንም አልነበረውም።

"ስም አወጣህለት?"

"ያላንቺ?" አለ።

ስም አወጣንለት። ፓስተሩ የተነበየው አይደለም፣ እማዬ ያሰበችውም አይደለም። እዚህ አልጽፈውም።

ዝናብ ጀመረ። እንሰቱ ቅጠል ሥር ተጠጋን። የእማዬን ቆሎ በላን፣ ከአንድ ፌስታል።

መጋቢት 29

ወልቂጤ ገባሁ። ክፍሌን አንዲት አዲስ መምህርት ይዛዋለች፤ እስከ ክረምት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ሰልሚያ ስታየኝ ጭማቂ ጨምቃ መጣች። ልጅ ልጅ ያለኝ የለም እስካሁን። እኔ ግን የሰው ልጅ ታቅፎ ባየሁ ቁጥር... ይሁን።

ፓስተሩ ይድነቃቸውን ለፋሲካ መድረክ ላይ ወጥቶ "ጌታ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ" እንዲመሰክር ጠየቀው። እንቢ አለ። "ባለቤቴን ሳልጠይቅ አልናገርም" አለው። ፊቴ ነው ያለው። ፓስተሩ እኔን አየኝ፤ ያው የማዘን አስተያየት። እንደ ድሮው አላቃጠለኝም... ትንሽ ብቻ።

ለእማዬም በስልክ ነገርኳት። "ከተሳልሽም በልብሽ፣ እማዬ።" ዘጋችብኝ። ማታ መልሳ ደወለች፤ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራችኝ።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ማለዳ ለቅዳሴ ስነሳ እሱም ተነሳ።

"የአንተ ገና ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

እስከ ደብሩ በር ሸኘኝ። ገባሁ። ሲያልቅ ስወጣ እዚያው ነው፣ ከአጥሩ ውጭ፣ እጁን ኪሱ ከቶ። ሰዉ ያውቀዋል። አንዷ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ ስታደርግ አየሁ። እሱም አይቷል።

"ለምን አልሄድክም?"

"እጠብቅሻለሁ አላልኩም?"

"አላልክም።"

"እንግዲህ አሁን ብያለሁ።"

ወደ እነሱ ቸርች አብረን ወረድን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ። ግቢ አላለኝም። እኔም ልግባ አላልኩም። አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝና ገባ።

ይህን የምጽፈው ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ፀሐዩ በርትቷል። የእነሱ ረጅም ነው፤ ገና መዝሙር ላይ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የእሱን ለመለየት እየሞከርኩ ነው። አንዳንዴ ያገኘሁት ይመስለኛል... ከዚያ ይጠፋኛል።

አስተናጋጇ ልጅ ወጥታ መጣች። ባጅ አንጠልጥላለች። "እህቴ፣ ለምን ውጭ? ግቢ፣ ቦታ አለ።"

"አይ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው" አልኳት።